የ1979ኙ ጋንዳም፦ 43ቱን ክፍል፣ ሦስቱን ፊልም ወይስ ሁለቱን አቀላቅሎ?

ጋንዳምን ማየት የጀመርኩት ከጅራቱ ነው። ፊልም የሚጭን አንድ ሱቅ ገብቼ «የመጀመሪያው ጋንዳም፣ የድሮው፣ አላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ልጁም ፍላሼ ላይ አንድ ፋይል ገለበጠልኝ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ሦስተኛው ፊልም ኖሯል። ከሁለት ሰዓት በላይ የማላውቃቸው ሰዎች ለማላውቃቸው ሰዎች ሲያለቅሱ አየሁ። ስዕሉ ያምራል፣ ዘፈኑ ሆድ ያባባል፣ እኔ ግን ማን የማን ወንድም እንደሆነ፣ ማን ማንን ለምን እንደሚገድል አላውቅም። ከዓመት በኋላ 43ቱን የቴሌቪዥን ክፍሎች ጨረስኩ፤ ቀጥሎ የቀሩትን ሁለት ፊልሞች፤ ከዚያ «ዘ ኦሪጅን» የሚባለውን። ዛሬ ይህን ሥራ ትወጂዋለሽ ወይ ብባል «በጣም» እላለሁ፤ እንከን የለበትም ወይ ብባል ደግሞ ቁጭ ብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ ልዘረዝር እችላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። ስለዚህ ምርጫችሁ የሚወሰነው የትኛውን እንከን ችላችሁ ለመቀመጥ ፈቃደኛ እንደሆናችሁ ነው።

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ። «ሞባይል ሱት ጋንዳም» ከኤፕሪል 1979 እስከ ጃንዋሪ 1980 በጃፓን በናጎያ ቴሌቪዥን በኩል የተላለፈ የአኒሜ፣ ማለትም የጃፓን ካርቱን፣ ተከታታይ ነው። ዳይሬክተሩ ዮሺዩኪ ቶሚኖ፣ ገጸ ባሕርያቱን የሳለው ዮሺካዙ ያሱሂኮ፣ ሮቦቶቹን የነደፈው ኩኒዮ ኦካዋራ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የሮቦት ታሪኮች፣ ለምሳሌ የ1972ቱ ማዚንገር ዜት፣ አንድ ተአምረኛ ሮቦትና አንድ ጀግና ነበራቸው። ጋንዳም ላይ ግን ሮቦት እንደ ታንክ በፋብሪካ የሚመረት የጦር መሣሪያ ነው። ጥይት ይጨርሳል፣ ይሰበራል፣ መካኒክ ይፈልጋል። ጠላት የተባለውም ከሌላ ፕላኔት የመጣ ጭራቅ አይደለም። የሰው ልጅ ጠፈር ላይ ከተሞች ሠርቶ ሲኖር ከከተሞቹ አንዱ ክፍል «የዚዮን ልዑላዊ መንግሥት» ብሎ ራሱን ሰይሞ ከምድር መንግሥት ጋር ጦርነት ይገጥማል። ታሪኩ ሲከፈት ከሰው ልጅ ግማሹ አልቋል፤ የቀሩት ተፋጠው ስምንት ወር አልፏቸዋል። ተራኪው ይህን የሚነግረን በመጀመሪያው ክፍል መግቢያ ላይ፣ በተረጋጋ ድምፅ ነው። ከእሱ በፊት ደግሞ «ተቀጣጠል፣ ተቀጣጠል፣ ጋንዳም» የሚል የሕፃናት መዝሙር ይዘፈናል። ይህ ተቃርኖ እስከ መጨረሻው አብሯችሁ ይሄዳል፤ የሚያስቸግረኝም እሱ ነው፣ የሚስበኝም እሱ ነው።

ተቃርኖው ምክንያት አለው። ለዝግጅቱ ገንዘብ ያወጣው ክሎቨር የሚባል የአሻንጉሊት ኩባንያ ነበር። ጋንዳም የተባለው ሮቦት የጦር መሣሪያ ሆኖ ሳለ እንደ በዓል ልብስ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ የሆነው ለዚህ ነው፤ አሻንጉሊቱ መሸጥ ነበረበት። በሰንሰለት የሚወረወር እሾሃማ የብረት ኳስም የመጣው፣ ጋንዳምን ሳንድዊች አድርጎ የሚይዝ «ጂ አርመር» የሚባል በራሪ መሣሪያም የመጣው ከዚያው ነው። ያም ሆኖ ተመልካች አልመጣም፣ አሻንጉሊቱም እንደታሰበው አልተሸጠም፣ 52 ክፍል ሊሆን የታቀደው ሥራ 43 ላይ ተቆረጠ። ወደ መጨረሻው አካባቢ ያሱሂኮ ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ ስዕሉ ላይ ያለው ጉድለት ያኔ ፍጥጥ ብሎ ወጣ። ሥራው ሕይወት የዘራው ካለቀ በኋላ ነው። በድጋሚ ሲተላለፍ ተመልካች አገኘ፤ በ1980 ባንዳይ በ300 የን የሚሸጥ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ሞዴል አወጣ፤ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1981 ቶኪዮ ሺንጁኩ ጣቢያ ፊት ለፊት ብዙ ሺህ ወጣቶች ተሰብስበው «የእኛ ዘመን አኒሜ መጣ» አሉ። በወሩ የመጀመሪያው ፊልም ወጣ፤ ሁለተኛው በዚያው ዓመት ጁላይ፣ ሦስተኛው በማርች 1982። ፊልሞቹ ከቴሌቪዥኑ ተቆርጠው የተሰፉ ናቸው፤ በመካከላቸው አዲስ የተሳለ ምስል ገብቷል፤ መጠኑ ግን ከፊልም ፊልም ይለያያል። ይህን ልብ በሉ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

እንግዲህ ምርጫው እንዲህ ነው። 43ቱ ክፍል ወደ 17 ሰዓት ይወስዳል። ሦስቱ ፊልም ተደምሮ 7 ሰዓት ገደማ ነው። በዳታ ለሚያወርድ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ እኔም ፊልሞቹን አስቀድሜ የያዝኩት በዚህ ምክንያት ነበር። ሦስተኛው መንገድ ሁለቱን ማቀላቀል ነው፤ አራተኛው ታሪኩን በኋላ እንደ አዲስ በሚተርከው በ«ዘ ኦሪጅን» መጀመር።

ስለ ተከታታዩ ልናገርና ክፉውን ላስቀድም። ስዕሉ ያረጀ ብቻ አይደለም፣ በዘመኑም የተቻኮለ ነበር። የአንድ ሰው ፊት ከክፍል ክፍል ይለዋወጣል። ጋንዳም ተኩሶ ዛኩ የሚባለውን የዚዮን ሮቦት ሲመታ የሚያሳየው ያው ምስል ተመልሶ ተመልሶ ይመጣል፤ አሥረኛው ክፍል ላይ ስትደርሱ በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። አካሄዱም በየሳምንቱ አዲስ ጠላት፣ አዲስ ዕቅድ፣ ውጊያ፣ ማምለጥ የሚል ነው። በቀን አራትና አምስት ክፍል እየደረደረ ለሚያይ ሰው ይሰለቻል። በቀን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ለሚያይ ግን ፈጽሞ ሌላ ሥራ ይሆናል፤ የተሠራውም በሳምንት አንዴ እንዲታይ ነውና።

ከስዕሉ ይልቅ የሚቆረቁረኝ የሴቶቹ ነገር ነው። ሚራይ ጀግኖቹ የተሳፈሩባትን የጦር መርከብ የምትነዳው ናት፤ ሰይላ ከማንም የማታንስ ተዋጊ ናት። ለዘመኑ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ግን ስም ሳልጠራ፣ አንድ ወንድ ልጅ «እንዲበስል» ሲባል የሚሞቱት ሴቶች በዙብኝ። አንዷ ስትሞት አለቀስኩ፤ ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ ግን ጸሐፊዎቹ ላይ ተናደድኩ። «ኒውታይፕ» የሚሉት፣ ጠፈር ላይ መኖር የሰውን አእምሮ ከፍቶ ልብ ለልብ ያግባባዋል የሚለው ሐሳብም ዘግይቶ ነው ጎልቶ የሚወጣው። ውብ ሐሳብ ነው፤ ግን ሥር ሳይሰድ ታሪኩ ያልቃል። 52ቱ ክፍል ቢሞላ ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ አዝናለሁ።

ይህን ሁሉ ብዬ የመጀመሪያውን ክፍል ደግሜ ስከፍት እንደገና ይይዘኛል። አሙሮ ሬይ 15 ዓመቱ ነው። ቤቱ በውስጥ ልብሱ ቁጭ ብሎ ኮምፒውተር እየጠጋገነ ምግብ መብላት እንኳ ረስቷል፤ የጎረቤት ልጅ ፍራው መጥታ ልብስህን ልበስ፣ ሲረን እየጮኸ ነው ትለዋለች። ከዚያ ከተማው ይመታል፤ የፍራው እናትና አያት ዓይኗ እያየ ይሞታሉ። ልጁ የጋንዳምን ማንዋል አንሥቶ ሮቦቱ ውስጥ ይገባና እያገላበጠ ያነባል። በአንድ ዓይኑ ገጽ፣ በአንድ ዓይኑ ጠላት። የመጀመሪያውን ዛኩ በብርሃን ሰይፍ ሲቆርጠው ውስጡ ያለው ኒውክሌር ሞተር ይፈነዳል፤ ፍንዳታው የጠፈር ከተማዋን ግድግዳ ይበሳል፤ በቀዳዳው አየሩ ሲወጣ አብሮ ወደ ጠፈር የተጠረገው የገዛ አባቱ፣ ጋንዳምን የሠራው መሐንዲስ ነው። አሙሮ ይህን አላየም። የገባው ነገር ሞተሩን መምታት እንደሌለበት ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ዛኩ ሲወጋ ሞተሩን ትቶ አብራሪው የተቀመጠበትን ክፍል ይመርጣል። ይህ ማለት ልጁ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ማሽን ከመስበር ሰው ወደ መግደል ተሻገረ፤ ያሻገረውም ጥንቃቄው ነው። ማንም ቆሞ አላብራራውም። ስዕሉ አስቀያሚ ነው ብዬ የተውኩት ሥራ ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ይህን ነገረኝ።

ተከታታዩ ከፊልሞቹ የሚበልጥበት እዚህ ላይ ነው፤ ለትንንሽ ነገር ጊዜ አለው። አሥራ ስድስተኛው ክፍል ላይ ዋይት ቤዝ የምትባለዋ መርከብ ጨው ያልቅባታል። የወጥ ቤቱ ኃላፊ መጥቶ ለካፒቴኑ ጨው አለቀ ይለዋል፤ የጦር መርከብ አቅጣጫዋን ለውጣ ጨው ፍለጋ ትሄዳለች። ካፒቴን ብራይት ራሱ 19 ዓመቱ ነው። ጨው በአሞሌ እየለካ ከገበያ ገበያ ሲዞር ለኖረ ሕዝብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያሻም፤ ሠራዊት በጥይት ብቻ አይቆምም።

አሥራ አራተኛው ክፍል ደግሞ ከሁሉ የምወደው ነው፤ ፊልሙ ላይ የለም። ጥቂት የዚዮን ወታደሮች፣ ሹመት ናፍቋቸው ወደ አገራቸው መመለስ የሚፈልጉ ተራ ሰዎች፣ ጋንዳም ላይ የሰዓት ቦምብ ይለጥፋሉ። አሙሮ አንድ በአንድ እየነቀለ ይጥላል። ወታደሮቹ ከሩቅ በመነጽር ያያሉ፤ መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ፣ በኋላ ለጠላታቸው መጨነቅ ይጀምራሉ። መጨረሻ ላይ የአካባቢው ሰው መስለው ይጠጉና አብራሪውን ለማየት ይጠይቃሉ። የሚያዩት ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው። በርታ ብለውት ይሄዳሉ። ከዚህ ክፍል በኋላ የሚፈነዳ እያንዳንዱ ዛኩ ውስጥ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ሊኖር እንደሚችል ታስባላችሁ። ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው ይህን ስሜት አያገኘውም የምለው ለዚህ ነው።

የካይና የሚሃሩም ታሪክ እንዲሁ ነው። ካይ አፉ መራራ፣ ፈሪ የሚመስል ልጅ ነው፤ ቤልፋስት ላይ ከመርከቡ ይወርዳል፣ በቃኝ ብሎ። ሚሃሩ ሁለት ታናናሾቿን ለማብላት ለዚዮን መረጃ የምትሸጥ ልጅ ናት። ካይ ሰላይ መሆኗን ያውቃል። እያወቀም ስለ መርከቢቱ ጥገና ይነግራታል፤ ታናናሾቿ እራት እንዲበሉ። ፊልሙም ይህን ታሪክ አልጣለውም፤ ግን ተከታታዩ ላይ ሦስት ክፍል የሚወስደው ነገር እዚያ ሲጣደፍ፣ የካይ ዝምታ ያጥራል። የዚህ ሰው ሐዘን ያለው ደግሞ ዝምታው ውስጥ ነው።

አንድ ተግባራዊ ነገር ጣል ላድርግ። ከጃፓን ውጭ በሕጋዊ መንገድ የሚሰራጨውን ስታዩ ክፍል 15 ሊጎድላችሁ ይችላል። ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም። ከጦርነት ሸሽቶ በደሴት ላይ ወላጅ አልባ ልጆችን ስለሚያሳድግ ወታደር የሚተርከው ያ ክፍል በቶሚኖ ፍላጎት ከውጭ ስርጭት እንዲወጣ የተደረገ ነው፤ ስዕሉም ከሁሉ የከፋ ነበር። ያሱሂኮ ራሱ በ2022 ሙሉ ፊልም አድርጎ እንደገና ሠርቶታል፤ ተከታታዩን ከጨረሳችሁ በኋላ እዩት።

አሁን ወደ ፊልሞቹ። ብዙ ሰው «ስዕሉ ከከበደህ ፊልሞቹን እይ» ይላል። ግማሽ እውነት ነው። የመጀመሪያው ፊልም ስዕሉ በአብዛኛው ያው የቴሌቪዥኑ ነው፤ ከስዕሉ ለመሸሽ ብላችሁ የገባችሁ እንደሆነ ምንም አላመለጣችሁም፤ ይልቁንም የሚያስታግሰው ዝግታ ተወስዶባችኋል። ሁለተኛው የተሻለ ነው፤ አዲስ ምስል ይበዛል፣ የዳይሱኬ ኢኖኡዬ ዘፈንም አለበት። ሦስተኛው ግን ሌላ ነገር ነው። ያሱሂኮ ከሕመሙ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑ ላይ ያመለጠውን በእጁ መልሶ ሲሠራ ይታያል። ብዙው ክፍል እንደ አዲስ ተስሏል፤ ጠፈሩ ጥልቀት አለው፣ ፊቶቹ ይናገራሉ። የአሻንጉሊት ኩባንያው ያስገባቸው መሣሪያዎችም ተጠርገዋል፤ በጂ አርመር ፋንታ ኮር ቡስተር የሚባል ተዋጊ አውሮፕላን ገብቷል፤ መልክና ልብ የሌላቸው የሳምንት ጠላቶች ተቀንሰዋል።

ከሦስተኛው ፊልም አንድ ትዕይንት ብቻ። በቴሌቪዥኑም አለ፣ ግን እዚህ ይበልጥ ያማል። በመጀመሪያው ክፍል ወደ ጠፈር የተጠረገው አባት አልሞተም፤ ገለልተኛ በሆነች የጠፈር ከተማ አሙሮ በአጋጣሚ ያገኘዋል። ኦክስጅን ያጣው አእምሮው ተጎድቷል። ልጁን ሲያይ እንዴት ነህ፣ እናትህስ የሚል ጥያቄ የለም። አንድ ዕቃ አምጥቶ ይህን ጋንዳም ላይ ግጠምበት፣ ኃይሉ እጥፍ ይሆናል ይለዋል። አሙሮ ዕቃውን ያየዋል፤ ዘመን ያለፈበት ቁራጭ ነው። አመስግኖ ይቀበላል። ከደረጃው ወርዶ መንገድ ላይ ሲደርስ መሬት ላይ ይወረውረዋል። እኔ ይህን ትዕይንት መጀመሪያ ያየሁት፣ እንዳልኳችሁ፣ ማንም ማን እንደሆነ ሳላውቅ ነው፤ ያኔ አንድ ያበደ ሽማግሌና አንድ ጨዋ ልጅ ብቻ ነበሩ። 43ቱን ጨርሼ ስመለስበት አቋርጬ ተነሣሁ። ትዕይንቱ ሳይለወጥ ክብደቱ የተለወጠው መንገዱን ስለሄድኩበት ነው።

ስለዚህ እኔ የምመክረው ማቀላቀሉን ነው፤ አቀላቀሉም እንዲህ ነው። ተከታታዩን ከ1 እስከ 31 እዩ። አብዛኛው ሰው ጃቡሮ ከሚባለው የአማዞን ጦር ሰፈር ውጊያ በኋላ፣ 30ኛው ላይ፣ ይሻገራል፤ እኔ ግን 31ኛውን ጨምሩ እላለሁ። ስሌጋር የሚባለው መኮንን መርከቧ ላይ የሚወጣው እዚያ ነው፤ እሱን ሳታውቁት ፊልሙ ውስጥ ስታገኙት ከሚራይ ጋር የሚሆነው ነገር ከሰማይ የወረደ ይመስላችኋል። ከዚያ ተከታታዩን ዘግታችሁ ሦስተኛውን ፊልም ክፈቱ። ጂ አርመር የት ሄደ፣ ይህ ኮር ቡስተር ከየት መጣ ብላችሁ አትጨነቁ፤ ዕቃው ተቀየረ እንጂ ሰዎቹ እነዚያው ናቸው። በዚህ መንገድ ወደ 15 ሰዓት ነው የምታወጡት። የሚጎድላችሁ ማኩቤ የሚባለው የዚዮን አዛዥ በ37ኛው ክፍል ከአሙሮ ጋር የሚያደርገው ግጥሚያ ነው፤ የሸክላ ዕቃ የሚሰበስብ፣ የሚጠላ ግን የማይረሳ ሰው ነው። ከወደዳችሁት ተመልሳችሁ ያን አንድ ክፍል እዩለት።

ሦስቱን ፊልም ብቻ እንዲያይ የምመክረው ማንን ነው? ጊዜ የሌለውን፣ ደግሞም የዛሬ አኒሜ ፍጥነት የለመደውን። ሌላው የ1985ቱን «ዜታ ጋንዳም» ማየት ፈልጎ የአሙሮንና የዚዮኑን አብራሪ የሻርን ጠብ መነሻ ማወቅ ብቻ ለሚሻ ሰው ፊልሞቹ ይበቁታል። 43ቱን ሙሉውን የምመክረው ደግሞ ያረጀ ነገር የማያስፈራውን፣ በቀን አንድ ክፍል ከእራት በኋላ የሚያይ ሰው ነው። እዚህ ላይ ሳውዲ ወይም ኩዌት ያደጋችሁ አንባቢዎችን አስባለሁ፤ በዐረብኛ የተቀዳውን ግሬንዳይዘር የተባለ የሮቦት ካርቱን እያያችሁ ያደጋችሁ። ያን ዘመን ስዕል ዓይናችሁ ለምዶታል፣ አይከብዳችሁም። ግን ተጠንቀቁ፦ ግሬንዳይዘር ላይ ክፉው ክፉ ነው። እዚህ ግን ራምባ ራል የሚባለው የዚዮን ሻምበል በረሃ ውስጥ ምግብ ቤት ገብቶ አሙሮን ሲያገኘው፣ ማን እንደሆነ ሳያውቅ ሚስቱ ምግብ ልጋብዝህ ትለዋለች፤ አሙሮ ለማኝ አይደለሁም ብሎ እምቢ ሲል ሰውየው በልጁ ድፍረት ደስ ይለዋል። ከዚያ በኋላ ሊገዳደሉ ነው። ልጆቻችሁን አስቀምጣችሁ ልታሳዩ ካሰባችሁ እናንተ አስቀድማችሁ እዩት። አሜሪካ ያደጋችሁ ደግሞ በ2001 በካርቱን ኔትወርክ ጀምሮ መሃል ላይ የተቋረጠባችሁ ልትኖሩ ትችላላችሁ፤ ከሴፕቴምበር 11 በኋላ ነው ከስርጭት የወጣው። የቀረባችሁ እጅግ የሚያምረው ጫፍ ነውና በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ፊልም ብትሄዱ አልፈርድባችሁም።

«ዘ ኦሪጅን» ያሱሂኮ ከ2001 እስከ 2011 በማንጋ፣ ማለትም በጃፓን የስዕል መጽሐፍ፣ እንደገና የተረከው ታሪክ ነው፤ ከ2015 እስከ 2018 በስድስት ክፍል አኒሜ ሆኗል። ስዕሉ ዘመናዊ ስለሆነ በዚህ ልጀምር የሚል ብዙ ነው። አትጀምሩበት። አኒሜው በዋናነት የሚተርከው ጭምብል ያጠለቀው የዚዮን አብራሪ ሻር ልጅ ሳለ የሆነውን ነው። ተከታታዩ ግን ጭምብሉ ስር ማን እንዳለ፣ ለማንስ ቂም እንደያዘ ጠብ ጠብ እያደረገ ነው የሚገልጥላችሁ። ቂሙን ቀድሞ ያወቀ ሰው፣ ሻር ወዳጁን ጋርማን የሚያይበትን ያን የመጀመሪያ ፈገግታ አይጠራጠረውም። የዚያ ፈገግታ ጣዕሙ መጠራጠሩ ነው። ማንጋውን ማንበብ ለሚወድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የአሙሮንም ታሪክ ሙሉውን ይዟል፣ ቆንጆ ነው፣ በኋላ ድረሱበት።

ስለ ድምፅ፦ በአማርኛ የተተረጎመ አላየሁም። ጃፓንኛውን በእንግሊዝኛ ሳብታይትል እዩ። አሙሮን የሚናገረው ቶሩ ፉሩያ፣ ሻርን የሚናገረው ሹኢቺ ኢኬዳ ነው፤ የኢኬዳን ድምፅ ከሰማችሁ በኋላ ሻርን በሌላ ድምፅ ማሰብ ያስቸግራል። ፊልሞቹን ስታወርዱ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ በ2000 ንግግሩም የፍንዳታውም ድምፅ እንደ አዲስ የተቀዳበት «ልዩ እትም» አለ። ድምፁ ጠርቷል፣ ግን የ1981 ትኩሳቱ የለበትም። ምርጫ ካላችሁ የጥንቱን ውሰዱ።

ታናሽ ወንድሜ ይህን ሥራ ሁለት ጊዜ ትቶታል። አምስተኛው ክፍል ላይ «እታለም፣ ይሄ እኮ የሕፃን ነው» ብሎኝ ተነሥቶ ሄደ። አሥራ ሦስተኛው ላይ በአጋጣሚ ሳሎን ሲያልፍ ቆመ። አሙሮ ምድር ላይ የቀረችውን እናቱን ሊያይ ሄዶ፣ የዚዮን ወታደሮች ሲመጡ ስደተኞች መሃል አልጋ ላይ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ይተኛል። ሊይዙት ሲሉ ከብርድ ልብሱ ስር ሽጉጥ ይተኩሳል። እናቱ ያ የተኮስክበት ሰውም ቤተሰብ አለው ብላ ትጮህበታለች፤ እሱም ጦርነት ነው ይላል። ሲለያዩ እንደ ልጅ አላቀፋትም፤ በጤና ቆዪ ብሎ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጣት። ወንድሜ እጁን ኪሱ እንደከተተ፣ ሳይቀመጥ፣ እስከ ማብቂያው ዘፈን ድረስ ቆሞ አየ። አሁን 29ኛው ላይ ነው። ቅዳሜ ሦስተኛውን ፊልም አብረን ልናይ ተቀጣጥረናል፤ 31ኛውን ሳይዘል እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።